የተሰረጐደ መለከትና የጠይብ እጅ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የላሜሕ ቤት ታሪክ ሲነገር ከአንድ አባት ከልዩ ልዩ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ይነሣሉ። ዩባል የበገናና የመለከት ሰዎች አባት ነው፤ ቱባልቃይን ናስና ብረት ቀጥቃጭ ነው። መጽሐፍ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቤት ማኖሩ ነገሩን ላስተዋለ ሰው ትምህርት አለው። ነፊው ያለ ቀጥቃጩ እጁ ባዶ ነው፤ ቀጥቃጩም ያለ ነፊው ሥራው ድምፅ የለውም። ነገር ግን በዓለም ልማድ የዩባል ልጅ በአደባባይ ሲመሰገን፣ የቱባልቃይን ልጅ በከሰሉ አጠገብ ተረስቶ ይቀራል። የነሐስ መለከት ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ታሪክ፣ ይልቁንም የተሰረጐደውን መለከት ወደ ቀድሞ መልኩ የመመለስ ጥበብ፣ ይህን የሁለት ወንድማማች ነገር እንደ ገና ያሳስባል።

ታሪኩንም ለመናገር ከወሎ ደጋ መጀመር ተገቢ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣ ብላ ያለችው ኩታበር ትልልቅ ነገር በተፈጸመባቸው ስፍራዎች መካከል ተቀምጣለች። ከእርስዋ ወደ ደሴ ሲመለሱ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከሊቃውንቱ ጋራ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በስተ ሰሜን አምባሰል አለ፤ በአምባሰልም የግሸን ደብረ ከርቤ ተራራና የውጫሌ መንደር አሉ። በተንታ በኩል ሲያልፉ መቅደላ ይታያል። ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ቦረና ከከተማው ከመካነ ሰላም ጋራ፣ ሳይንትም ከጥንታዊቱ ከተድባበ ማርያም ጋራ ይገኛሉ። በስተ ደቡብ ወረ ኢሉ አለ። ይህ አገር ብረትና ነሐስ በሦስት ዐይነት ድምፅ ሲናገሩ ሰምቷል፤ በመድፍ፣ በመለከትና በጸናጽል።

የነሐስ ሙዚቃ ከባሕር ማዶ ከመምጣቱ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት የራሳቸው የክብር ድምፅ ነበራቸው። ነጋሪት በፊት ይጐሰማል፤ እምቢልታና መለከት ይከተላሉ። እምቢልታ ሦስት ሆኖ የሚነፋ ነው፤ አንዱ ብቻውን ዜማ አይፈጽምም፣ የአንዱን ድምፅ ሌላው እየተቀበለ ሦስቱ በአንድነት ዜማውን ይሠሩታል እንጂ። መለከቱም ረዥም ቀጥ ያለ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ከሸምበቆ ይበጅና ቆዳ ይለበስ ነበር። የዚህ ዐይነቱ መለከት በመንገድ ቢወድቅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሸምበቆም በሌላ ይለወጣል እንጂ ወደ ቀድሞ ነገሩ አይመለስም። ነሐስ ግን እንዲህ አይደለም። ነሐስ ሲመታ በመሰንጠቅ ፈንታ ይሰረጐዳል። የተሰረጐደውም ስፍራ ከውስጡ ምንም አልጐደለም፤ ገላው ከስፍራው ተገፋ እንጂ። እንግዲህ የተገፋውን መልሶ የሚገፋ እጅ ቢገኝ መለከቱ ይድናል። የጥበቡ መሠረት ይህ ነው።

በወሎ ደጋ ላይ የሚገኘው በማቅለጥ የተሠራ ትልቁ ሥራ በመቅደላ አምባ ያለው ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ አውሮፓውያን ጠቢባንን ሰብስበው ይህን መድፍ አሠሩ። ክብደቱ ሰባት ሺሕ ኪሎ ያህል ነው ይባላል። በ1860 ዓ.ም. ሠራዊታቸው መንገድ እየቈረጠ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየወረደና እየወጣ፣ ለወራት እየሳበ መቅደላ አደረሰው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በመቅደላ ሞቱ፤ መድፉም እስከ ዛሬ በዚያው አለ። እንደዚህ ያለውን ወፍራም ሥራ ውድቀት አይሰረጕደውም፤ ጥገና የሚሻውም ጥቂት ነው። መለከት ግን የገላው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መድፍ የሚሠራው ባለ ጕልበት ሲሆን፣ መለከት የሚያቀናው ባለ ትዕግሥት መሆን አለበት። ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብን ወደ አገራቸው ለማስገባት እጅግ ደክመው ነበር፤ ነገር ግን ጠቢባኑ ከመቅደላ ውድቀት ጋራ ሲበተኑ ጥበቡ በቂ ደቀ መዝሙር ሳያፈራ ቀረ። ይህ ነገር በኋላ ዘመንም እንዳይደገም የሚያሳስብ ነው።

ከመቅደላ 21 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል በውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋራ ውል ተፈረመ። በውሉ 17ኛ ክፍል የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል መለያየት ጠብ አመጣ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ አስነግረው የጦሩ መሰብሰቢያ ወረ ኢሉ ሆነ። የራስ ሚካኤል የወሎ ሠራዊትም ከዘመቱት መካከል ነበረ። ነገሩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተፈጸመ። ውሉ የተፈረመበትም ሠራዊቱ የተከተተበትም አገር ወሎ እንደ ሆነ ያስተዋለ ሰው፣ ከዓድዋ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጣውን ስጦታ ከዚህ ደጋ ታሪክ ለይቶ ማየት አይችልም።

ስጦታውም የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለምኒልክ የላኩት 40 የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከእርሱም ጋራ ሚሌቭስኪ የሚባል በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነ መምህር መጥቶ ወጣቶችን አስተማረ፤ በቤተ መንግሥቱም የመጀመሪያው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ቆመ። ነጋሪትና እምቢልታ በሚሰሙበት ግቢ ፒስተን ያለው መለከት ተሰማ። ፒስተን ማለት በጣት ሲጫኑት የመለከቱን ቧንቧ የሚያስረዝም መሣሪያ ነው፤ ይህንንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1814 እስከ 1818 ባሉት ዓመታት ሽቶልዝልና ብሉሜል የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን አስገኙት። ከእርሱ አስቀድሞ መለከት በከንፈርና በትንፋሽ ኀይል የሚያወጣቸውን ጥቂት ድምፆች ብቻ ያወጣ ነበር። በሦስት ፒስተን ግን ሁለተኛው ግማሽ ድምፅ፣ አንደኛው አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ነፊው ማንኛውንም ዜማ ለመጫወት ቻለ።

ነሐሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅም ለነገሩ ይጠቅማል። የመለከት ነሐስ ብዙ ጊዜ ከመቶው 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ነው። የሚያስደንቀውም የጥይት ቀፎ የሚሠራበት ነሐስ ይኸው መሆኑ ነው። የጦር መሣሪያ ሠሪው ይህን ነሐስ የመረጠበት ምክንያትና መለከት ሠሪው የመረጠበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሳይቀደድ ተስቦ ይቀጥናልና። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ሙሴ ሁለት የብር መለከቶችን በመቀጥቀጥ እንዲሠራ ታዞ ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የሥራው ጠባይ ብዙ አልተለወጠም። በጀርመን አገር ኑረምበርግ የምትባል ከተማ ለመለከት ሥራ ስመ ጥር ነበረች፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1625 የከተማው መለከት ሠሪዎች የሥራ ደንብ ጸናላቸው። ጠቢቡ ስስ የነሐስ ገበታ ቈርጦ ይጠቀልለዋል፤ ጠርዙን ከጠርዙ ጋራ በእሳት ያያይዘዋል፤ ከዚያም በብረት ምሰሶ ላይ እየቀጠቀጠ ያከብበዋል። ቧንቧውን ሊያጐብጠው ሲሻ አስቀድሞ ውስጡን በቀለጠ ዝፍት ወይም በእርሳስ ይሞላዋል፤ ባዶ ቧንቧ ሲታጠፍ ይጨማደዳልና። ከታጠፈ በኋላ የሞላውን አቅልጦ ያወጣዋል። ነሐስ ውስጡ ሲደገፍ ያለ ጕዳት ይታዘዛል፤ ባዶውን ሲመታ ግን ይሰረጐዳል። አቅኚውም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከውጭ ለመምታት ከመነሣቱ በፊት ከውስጥ ድጋፍ ያኖራል።

ስርጕድ በመልክ ብቻ የሚያስነውር የሚመስላቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ጕዳቱ ግን በድምፅም ነው። በመለከት ውስጥ የሚንቀጠቀጠው አየር በየስፍራው አንድ ዐይነት አይደለም። በአንዱ ስፍራ ግፊቱ ይበረታል፣ እንቅስቃሴው ያንሳል፤ በሌላው ስፍራ እንቅስቃሴው ይበረታል፣ ግፊቱ ያንሳል። ቧንቧው ግፊት በበረታበት ስፍራ ቢጠብ ያ ድምፅ ከልኩ ከፍ ይላል፤ እንቅስቃሴ በበረታበት ስፍራ ቢጠብ ዝቅ ይላል። እነዚህም ስፍራዎች ለየድምፁ ልዩ ልዩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ስርጕድ ድምፁን ሁሉ በእኩል አያበላሽም፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ። ቧንቧው በሙሉ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ነፊው ማስተካከያውን ስቦ ያርመዋል፤ የስርጕድን ጥፋት ግን በዚህ መንገድ ማረም አይቻልም። ደግሞም በአፍ መያዣው አጠገብ ባለው ጠባብ ቧንቧ፣ ስፋቱ ወደ 12 ሚሊሜትር በሚጠጋው፣ ያለ ትንሽ ስርጕድ፣ በሰፊው አፍ ላይ ካለ ትልቅ ስርጕድ ይልቅ ይጐዳል፤ በጠባቡ ስፍራ ጥቂቱ ብዙ ነውና። ፒስተኑ በሚመላለስበት ቤት ላይ የወደቀ ስርጕድ ደግሞ፣ በዐይን የማይታይ ቢሆን እንኳ ፒስተኑን አንቆ ይይዘዋል።

የአቅኚው መሣሪያዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም የአንድ አሳብ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከአረብ ብረት የተሠሩ ድቡልቡል ኳሶች ናቸው። እነዚህ በመጠን በጥቂት በጥቂቱ እየተበላለጡ በተርታ ይቀመጣሉ። አቅኚው አስቀድሞ በተሰረጐደው ቧንቧ የሚያልፈውን አነስተኛ ኳስ ያገባል፤ ከኋላውም ሌላ ብረት አስከትሎ ቧንቧውን ሲወዘውዘው የኋላው የፊቱን እየመታ በስርጕዱ ውስጥ ያሳልፈዋል። ከዚያም በጥቂቱ የሚበልጠውን፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ የቧንቧው ስፋት ወደ ልኩ እስኪመለስ ድረስ ያገባል። አንድ ጊዜ ትልቁን ለማስገባት የቸኰለ ሰው ኳሱን አስቀርቅሮ ቧንቧውን ይቀድዳል። ሁለተኛው መሣሪያ ጫፉ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያለው ራስ የሚገጠምለት ረዥም የብረት ዘንግ ነው፤ ኳስ በማይደርስበት በሰፊው ቧንቧ ውስጥ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ሦስተኛው የመለከቱን አፍ ቅርጽ የያዘ ሾጣጣ የብረት ምሰሶ ነው፤ የተጣመመው አፍ በእርሱ ላይ ተሰክቶ በእንጨት ወይም በጥሬ ቆዳ መዶሻ ይመታል፤ የብረት መዶሻ ነሐሱን ያቀጥነዋልና። አራተኛው እንደ መስታወት የለሰለሰ ብረት ነው፤ አቅኚው ዘይት ቀብቶ በላዩ እየጫነ ሲያመላልሰው የቀረውን ጥቃቅን ጕብታ ያስተካክላል።

ከውስጥ በምንም መንገድ የማይደረስበት ስፍራ ሲኖር አቅኚው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይም የመለከቱን ክፍሎች ያያያዘውን ብየዳ በእሳት አቅልጦ ክፍሉን ይለያል፤ የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ በ183 ዲግሪ ሙቀት ሲቀልጥ ነሐሱ ግን ከ900 ዲግሪ በፊት አይቀልጥምና፣ በጥንቃቄ ከተሠራ አንዱ ሌላውን ሳይጐዳ ይለያያሉ። ወይም በስርጕዱ መካከል ትንሽ ዘንግ በዚያው ቀላል ብየዳ ያጣብቅና ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ከተነሣ በኋላም አቅልጦ ያላቅቀዋል። በቅርብ ዘመን ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት እጅግ ብርቱ የሆነው የኒዮዲሚየም መግነጢስ ከተገኘ በኋላ፣ ኳሱን በውስጥ አስቀምጦ ከውጭ በመግነጢስ እየሳቡ ማቅናት ተጀምሯል። ነሐስ በመግነጢስ ስለማይሳብ በብረቱ ኳስና በመግነጢሱ መካከል ተይዞ እንደ ልብስ ይተኰሳል። መሣሪያው አዲስ ነው፤ አሳቡ ግን የኑረምበርግ ጠቢባን ያወቁት ነው፤ ውስጡ ይደገፍ፣ ውጩ በጥቂት በጥቂቱ ይገፋ።

የጥበቡም ግማሽ መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው። ነሐስ በተመታ ቍጥር ይደነድናል፤ ከልኩ በላይ የደነደነም ይሰነጠቃል። አግሎ ማለዘብ ይቻላል፤ ነገር ግን እጅግ የለዘበ የመለከት አፍ ድምፁን ያጣል፣ በጥቂቱም ይጣመማል። በመጨረሻ ለማሳመር ሲባል አብዝቶ የሚሞርደውና የሚወለውለው ሰው ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነው ገላ ላይ እየቀነሰ ነው፤ መለከቱ ያበራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ነሐስም የሚታመምበት ሌላ መንገድ አለ። በህንድ አገር የእንግሊዝ ጦር የጥይት ቀፎዎች በክረምት ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ሲቀመጡ ማንም ሳይነካቸው ተሰንጥቀው ይገኙ ነበር። ምክንያቱም ሲመረመር፣ ከእንስሳው ሽንት የሚወጣው አሞንያ በቅጥቀጣ ጊዜ በነሐሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋራ ተባብሮ የሚያመጣው መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ እንደ ኩታበር ባለ ደጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ በዝናብና በጭጋግ በሚያልፉበት አገር፣ መለከትን በእርጥብ ዕቃ ቤት ወይም በከብት በረት አጠገብ ማኖር፣ ያቀናውን እጅ ድካም ከንቱ ማድረግ ነው።

የነሐስ ሙዚቃ በኢትዮጵያ ሁለተኛውን ታላቅ ኀይል ያገኘው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚያ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ በተጓዙ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም የሚያድጉ ልጆች በሙዚቃ ተቀበሏቸው። ልጆቹ ወላጆቻቸው በአርመኖች ላይ በወረደው እልቂት የጠፉባቸው ነበሩ። አልጋ ወራሹም 40 ልጆችን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ በጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፣ «አርባ ልጆች» ተብለውም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይታወቃሉ። ከመስኮብ 40 መሣሪያ መጥቶ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም 40 ነፊ መጣ። የሙዚቃቸው አለቃ ኬቮርክ ናልባንዲያን ከአይንታብ የመጣ አርመን ነበረ። እርሱ ዜማውን፣ ቃሉን ደግሞ የጎጃሙ የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ የሠሩት መዝሙር የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ ዘመን ፍጻሜም ድረስ ቆየ።

በዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ናልባንድ በቱርክና በፋርስ ቋንቋ የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ናልባንዲያንም የቀጥቃጩ ልጅ ማለት ነው። የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው የጠይብ ስም የተሸከመ ነበረ። በአገሩ ይህ ስም የሚያሳፍር አልነበረም፤ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ በክብር ከልጅ ወደ ልጅ አለፈ። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነበረ። ብረት የሚመታውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራውን ሴት ቡዳ ናቸው እያሉ መሸሽ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። ማረሻውን ከእጁ የሚቀበል ሰው ልጁን ለልጁ አይድርም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚያደኸይ ዐውቀው፣ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ የሚያዝዝ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ለታሪክ የሚያስመሰግን ነው፤ ልማድ ግን ከዐዋጅ ይልቅ ዘግይቶ የሚሞት ሆነ።

ሊቃውንቱ ይህን ነገር ከራሳቸው ትምህርት ሊያርሙት ይችላሉ። የቅኔ ተማሪ ከመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሰምና ወርቅ ነው። ይህ ምሳሌ የመጣው ከአንጥረኛው ቤት ነው፤ አንጥረኛው በሰም ቅርጹን አበጅቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ አፍስሶ በስፍራው ወርቅ ያፈስሳል። ቅኔ ቤቱ የአንጥረኛውን ጥበብ ለምስጢር መጠሪያ አድርጎ ሲወስድ፣ አንጥረኛውን ራሱን በደጅ ተወው። በተድባበ ማርያምና በግሸን በዓል በሚሰበሰበው ሕዝብ መካከል መዘምራን የሚያነሡት ጸናጽል፣ ካህኑ የሚያጥንበት ጽና፣ የሚባርክበትም መስቀል፣ ሁሉም ከቀጥቃጭ እጅ የወጡ ናቸው። ጽናው ቢሰረጐድ፣ የጸናጽሉ ክንድ ቢጣመም፣ የሚያቀናው ይኸው እጅ ነው፤ መንገዱም ለመለከት ከተነገረው አይለይም።

ከጠላት ወረራ በኋላ የነሐስ ሙዚቃ በአዲስ አበባ እየሰፋ ሄደ። ፖላንዳዊው አሌክሳንድር ኮንቶሮቪች ከ1936 እስከ 1940 ዓ.ም. የሙዚቃ አለቃ ሆኖ ሠራ፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች ታወቁ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በእነዚህ ቤቶች ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማረ። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ የጀግናውን ሽለላ በሳክስፎን አስተጋብቶ፣ ከነሐስ የተሠራው የባሕር ማዶ መሣሪያ የአገር ቋንቋ እንደሚናገር አሳየ። ለወሎ ሰው በተለይ የሚሰማው ነገር አለ። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ስፍራዎች ወስደዋል። እነዚህ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከ12 ድምፅ አንዱ ቢዛነፍ አድማጭ ይታገሠው ይሆናል፤ ከአምስቱ አንዱ ሲዛነፍ ግን የዜማው አምስተኛ እጅ ፈረሰ ማለት ነው። በሰርዶ ላይ ወድቆ የተሰረጐደ መለከት አምባሰልን አምባሰል ማድረግ አይችልም፤ ነፊው ምንም ጐበዝ ቢሆን።

እንግዲህ ታሪኩ በሙሉ ሲታይ የጐደለው ነገር ግልጽ ነው። መሣሪያ ከመስኮብ መጣ፤ ነፊ ከኢየሩሳሌም መጣ፤ መምህር ከፖላንድና ከአርመን መጣ። ስማቸው ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አርባው መለከት በወደቀ ጊዜ ያነሣው፣ በተሰረጐደ ጊዜ ያቀናው እጅ ስም በታሪክ ጸሓፊዎች ብራና ላይ አልወጣም። አንድ አገር መሣሪያን ገዝቶ ማስገባት ይችላል፤ መጠገን ያልተማረ ግን የገዛውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይገዛዋል። ቴዎድሮስ በጋፋት የፈለጉት፣ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ዐዋጃቸው የጠበቁት ይህንኑ የእጅ ዕውቀት ነበረ።

የማቅናት ጥበብ ትልቅ ፋብሪካ አይሻም። መስፍ፣ የቆዳ መዶሻ፣ ጥቂት የብረት ኳሶችና ዘንጎች፣ ቀላል እሳት፣ ከሁሉም በላይ የማይቸኵል እጅና ጥሩ ጆሮ ይበቁታል። በደሴም ሆነ በኩታበር፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በወረ ኢሉ፣ ማረሻ የሚያቀና ጠይብ የነሐስን ጠባይ ለመማር ሩቅ አይደለም፤ ብረትን በእሳት ማለዘብና በመስፍ ላይ ማስተካከል የሚያውቅ ሰው የጥበቡን ግማሽ አስቀድሞ ይዟል። የቀረው ግማሽ ቀጭን ነገርን በቀስታ መያዝ ነው። ይህን የሚያስተምረው ሰው ቢገኝ፣ ልጁም ከነፊው ልጅ እኩል በአደባባይ ቢከበር፣ ዩባልና ቱባልቃይን እንደ ገና በአንድ ቤት ይቀመጣሉ። በበዓል ቀን መለከቱ ሲነፋ ሰው ነፊውን ያመሰግናል፤ በዚያው ሰዓት ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ የገዛ እጁ ያቀናውን ድምፅ የሚሰማ ሌላ ሰው አለ፤ ስሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።